አክበር አላሃባዲ፦ የመንግሥት ደመወዝተኛው ቀልደኛ ገጣሚ

አክበር አላሃባዲ በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ የኖረ ዳኛና ኡርዱ በሚባለው ቋንቋ የሚጽፍ ገጣሚ ነው። ዋና ስሙ ሰይድ አክበር ሁሴን ነው። «አላሃባዲ» ማለት የአላሃባድ ሰው ማለት ነው። የኡርዱ ገጣሚዎች በትውልድ ከተማቸው መጠራት ይወዳሉ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1846 ከአላሃባድ ብዙም በማትርቀው ባራ ተወለደ። ፊደል ያስቆጠረው አባቱ ነው። ግጥም ያስተማረው ደግሞ ዋሂድ የሚባል የከተማው ገጣሚ ነበር።

ሥራ የጀመረው ከታች ነው። በምድር ባቡር በትንሽ ደመወዝ ተቀጠረ። ሕግ በግሉ አጥንቶ ፈተናውን አለፈና ጠበቃ ሆነ። በ1880ዎቹ ዳኛ ሆኖ ከከተማ ከተማ ይዛወር ነበር። ከባድ ወንጀሎችን እስከሚያየው እስከ ሴሽን ፍርድ ቤት ዳኝነት ደርሷል፤ የእንግሊዞቹ መንግሥትም «ካን ባሃዱር» የሚል የክብር ማዕረግ ሰጥቶታል።

ታዲያ ያው ዳኛ ያንኑ መንግሥት ሲወጋ ነው የኖረው። መውጊያው ቀልድ ነበር። ላክናው በምትባል ከተማ በ1877 የተጀመረው «አዋድ ፓንች» የተባለ የቀልድ ጋዜጣ ግጥሞቹን ያወጣለት ነበር። የእኛ ሰው ሰምና ወርቅ የሚለውን ጨዋታ አክበር አሳምሮ ያውቅበታል። በግጥሞቹ ውስጥ ግመል ስትመጣ የድሮው የእስልምና ክብር ናት፤ ባቡርና ሞተር ሲመጡ ደግሞ አዲሱ ዘመን ነው።

የእንግሊዝኛ ቃላትን ቤት መምቻ ማድረግ ይወድ ነበር። «ፓይፕ» እና «ታይፕ» የሚሉትን ቃላት የገጠመበት አለ። ሐሳቡ በእኛ እንዲህ ይላል፦ የቧንቧ ውኃ ጠጡ ተባልን፣ የማተሚያ ፊደል አንብቡ ተባልን፤ ሆዳችንም ሮጠ፣ ዓይናችንም ታመመ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ የኤድዋርድ ያለህ! ችሎት የዋለ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። ሌላ ቦታ ላይ ተቀናቃኞቹ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ይከሱታል። ወንጀሉ? «አክበር በዚህ ዘመን የአላህን ስም ይጠራል» ነው።

የመንግሥት ሠራተኛንም አልማረም። ወዳጆቻችን ምን ታላቅ ሥራ ሠሩ ብሎ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፦ ቢኤ ያዙ፣ ተቀጠሩ፣ ጡረታ ወጡ፣ ሞቱ።

ብዙ የሚያከራክረው ከሙስሊሙ የለውጥ አራማጅ ከሰር ሰይድ አህመድ ካን ጋር የነበረው ነገር ነው። ሰር ሰይድ በ1875 አሊጋር በምትባል ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሙስሊሙን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ይጠራ ነበር፤ አክበር ደግሞ ይቀልድበታል። አንዳንዶች አክበርን ለውጥ ጠል ይሉታል። ይህ ትንሽ የተጋነነ ይመስላል። የገዛ ልጁን ኢሽራትን ለትምህርት እንግሊዝ አገር የላከ ሰው ነው። (በኋላ ግን «የለንደን አየር ቤትህን አስረሳህ» ብሎ በግጥም ወቅሶታል።) ሰር ሰይድ በ1898 ሲሞትም «የእኛ ወሬ ብቻ ነው፣ ሰይድ ግን ሠሪ ነበር» ብሎ ጻፈ። በሴቶች ጉዳይ ግን ጥብቅ ነበር። በጣም የታወቀው ቀልዱም እዚሁ ላይ ነው፦ ሂጃባቸውን የጣሉ ሴቶችን አይቶ መጋረጃችሁ የት ገባ ቢላቸው፣ «የወንዶቹ አእምሮ ላይ ወደቀ» አሉት።

በመጨረሻ ዓመታቱ ስለ ጋንዲ ጻፈ። የመንግሥት ቁባት ባልሆን ኖሮ ከጋንዲ ጎፒዎች መሃል ታገኙኝ ነበር ብሏል። ጎፒዎች ክሪሽና የተባለውን አምላክ በፍቅር የሚከተሉ እረኛ ልጃገረዶች ናቸው። ጡረታው ከማን ኪስ እንደሚመጣ አልደበቀም።

የሞተው በ1921 ነው። ወሩን አንዳንድ ጽሑፎች ፌብሯሪ፣ ሌሎች ሴፕቴምበር ይላሉ።

አላሃባድ በ2018 ፕራያግራጅ ተብላ ስሟ ተቀየረ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ከተማዋ ያለችበት ግዛት የከፍተኛ ትምህርት ቅጥር ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ የገጣሚው ስም ራሱ «አክበር ፕራያግራጅ» ሆኖ ተገኘ። ሰው ሳቀ፣ ተናደደም። ኮሚሽኑ ድረ ገጻችን ተጠልፎ ነው አለ። ለፖሊስም አመለከተ።