ዲኤልሲ ምንድን ነው? መጫወቱስ ያዋጣል?

ጌሙ አልቋል። የመጨረሻው ቦስ (ትልቁ ጠላት) ወድቋል፣ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር አልፏል፣ ከዋናው ሜኑ ጋር ተፋጥጣችኋል። እዚያው ጥግ ላይ አንዲት ሥዕል አለች። አዲስ አገር፣ አዲስ ጠላት፣ ከሥሯ ደግሞ ዋጋ። እሷ ናት ዲኤልሲ።

ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ ሲፈታ «የሚወርድ ይዘት» እንደማለት ነው። ከዋናው ጌም ተለይቶ የሚመጣ፣ ከኢንተርኔት ወርዶ በዋናው ላይ የሚደረብ ማንኛውም ነገር ዲኤልሲ ይባላል። ጣጣው ያለው «ማንኛውም» የምትለው ቃል ላይ ነው። የሃያ ሰዓት ታሪክም ዲኤልሲ ነው፣ ቀይ ኮፍያም ዲኤልሲ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ዲኤልሲ መግዛት ያዋጣል?» ሲለኝ መልሴ ሁሌም «የቱ?» ነው።

ትልልቆቹን ተጫዋቾች ኤክስፓንሽን ይሏቸዋል። እነሱ ከማውረዱ ዘመን ይቀድማሉ። ስታርክራፍት የሚባለው የጦርነት ጌም ጭማሪ የሆነው ብሩድ ዋር በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ በሲዲ ተቀድቶ፣ በራሱ ካርቶን ታሽጎ ነበር የሚሸጠው። ካርቶን ማሳተም፣ ሲዲ ማባዛት፣ ማጓጓዝ ሁሉ ወጪ ነው። ለአንዲት ኮፍያ ብሎ ይህን ሁሉ የሚያወጣ የለም። ብሩድ ዋር አዳዲስ ወታደሮችን ጨመረ፣ ለሦስቱም ወገኖች አዲስ ዘመቻ ሰጠ። በደቡብ ኮሪያ ለዓመታት በፕሮፌሽናል ደረጃ የተፎካከሩበትም ጌም ይኸው ከነጭማሪው ያለው ነው። ኢንተርኔቱ ሲመጣ የካርቶኑ ወጪ ቀረ። ወጪው ሲቀር ትንሿም ነገር ለብቻዋ ለገበያ መቅረብ ቻለች።

የመጀመሪያዋ ስመ ጥር ትንሽ ነገር የፈረስ ጥሩር ናት። በ2006 ጌም ሠሪው ቤተስዳ ኦብሊቪየን ለሚባለው ጌሙ የሚሆን የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሸጠ። በቃ፣ ለፈረሱ የሚለበስ ብረት። ጌመሩ ተናደደ፣ ተሳለቀ፣ እስከ ዛሬም ድረስ «የፈረስ ጥሩር» ማለት ትርፍ ነገር በገንዘብ መሸጥ ማለት ሆኖ ቀርቷል። የሚገርመው ግን በዓመቱ ያው ቤተስዳ ለዚያው ጌም ሺቨሪንግ አይልስን አወጣ። ይሄኛው የእብደት ጌታ የሚገዛው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ዓለም ነው። አንድ ሠሪ፣ አንድ ጌም፣ ሁለቱም ዲኤልሲ። (በ2025 ኦብሊቪየን ታድሶ ሲወጣ፣ ውድ በሆነው እትም ውስጥ ምን ጨመሩበት? አዲስ የፈረስ ጥሩር። በራሳቸው ማፌዝ ያውቁበታል።)

እኔ ዲኤልሲን የምመዝንባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ይሄ ነገር ምርቃት ነው ወይስ ከሚዛኑ ላይ ተቀንሶ መልሶ የተሸጠልን ነው?

ከሚዛን የተነሳው ምን እንደሚመስል በ2012 በደንብ ታይቷል። ጌም ሠሪው ካፕኮም ስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከን የሚባለውን የድብድብ ጌም ሲያወጣ 12 ተፋላሚዎች ገና ከጅምሩ ዲስኩ ላይ ነበሩ፤ ግን ተቆልፈው። ገዢው ዲስኩን እጁ ላይ ይዞታል፣ ተፋላሚዎቹ ውስጡ አሉ፣ ለመክፈት ግን ሌላ ክፍያ። በዚያው ዓመት ማስ ኢፌክት 3 በወጣ ዕለት ጃቪክ የሚባል አብሮ የሚዋጋ ጓደኛ በ10 ዶላር ለብቻው ቀረበ። ጃቪክ ደግሞ ዝም ብሎ ጓደኛ አይደለም። ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ ጠፍቷል እየተባለ የሚወራለት ዘር የመጨረሻ ሰው ነው። ሠሪዎቹ ዋናው ጌም ካለቀ በኋላ ነው የጨረስነው ብለው ተከራከሩ። ለፍትሕ ያህል፣ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይሆንም። ጌም ሊወጣ ሲል የመጨረሻዎቹን ወራት የሚፈጀው ስህተት ማረም ነው። ሠዓሊውና ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ሥራ ይፈታሉ፣ ስለዚህ ወደ ዲኤልሲ ይዛወራሉ። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ሰው ከታሪኩ ለይቶ መሸጥ ያስጠላል።

አሁን ወደ ምርቃቱ እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የምወደው ይሄን ነው።

ጌራልት ፊቱ የማይፈታ፣ ቃል የሚቆጥብ ጭራቅ አዳኝ ነው። ዘ ዊቸር 3 ላይ መቶ ሰዓት አብራችሁት ብትዞሩ እንኳ ሲስቅ የምታዩት በስንት አንዴ ነው። ጌሙ በግንቦት 2015 ወጣ፣ ሃርትስ ኦፍ ስቶን የሚባለው የመጀመሪያው ኤክስፓንሽን በጥቅምት ተከተለ። እዚያ ውስጥ አንድ የሠርግ ድግስ አለ። ቭሎዲሚር የሚባል የሞተ ባላባት መንፈስ ጌራልት አካል ውስጥ ገብቶ ለአንድ ሌሊት ይጨፍራል። ድምፁ ያው የጌራልት ድምፅ ነው፣ አነጋገሩ ግን የሌላ ሰው። ያ ኮስታራ ሰውዬ ይቀልዳል፣ ሴት ያሽኮረምማል፣ ራሱን እያሞገሰ ይንጎራደዳል። አጠገቡ የቆመችው ወዳጁ ሻኒ ደግሞ በሁለቱ መካከል ግራ ይገባታል።

ይህን ዋናው ጌም ላይ መሥራት ይከብዳል። ዋናው ጌም ጌራልትን ለማያውቀው ሰው ማስተዋወቅ አለበት። ዲኤልሲ የሚጫወተው ግን ያን ሁሉ ሰዓት አብሮት የኖረ ሰው ነው። ኮስታራነቱን ጠንቅቃችሁ ስለምታውቁት ነው ጭፈራው የሚያስቀው። በ2016 የመጣው ብለድ ኤንድ ዋይንም ያው ነው። በጦርነትና በጭቃ ከኖራችሁ በኋላ ፀሐይ የሞላበት የወይን አገር ትገባላችሁ። ዕድሜ ልኩን መንገድ ላይ ያደረ ሰው ቤት ይሰጠዋል። አልጋ አለው፣ ሰይፍ መስቀያ አለው፣ ጥሩሩን የሚያቆምበት ቦታ አለው። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ምንም ጭራቅ ሳልገድል ሰይፍ ሳሰቃቅል አመሸሁ። ሠሪው ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ ወደ 20 ሰዓት ያጫውታል ብሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሙሉ ጌሞች ጋር ተወዳድሮ በጌም አዋርድስ የምርጥ አርፒጂ (የገጸ ባሕርይ ሚና የሚጫወቱበት ጌም) ሽልማት ወሰደ።

ጥሩ ዲኤልሲ ብዙ ጊዜ ከዋናው የሚሻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ሠሪዎቹ ሞተሩን፣ ማለትም ጌሙ የተሠራበትን ሶፍትዌር፣ አሁን ለምደውታል። ሰው የቱ ጋ እንደሰለቸው፣ የቱን እንደወደደው አይተዋል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነም መሞከር አያስፈራቸውም።

ርዝመት ግን አያታልላችሁ። «ስንት ሰዓት ያጫውታል?» ብሎ ዋጋውን ለሰዓቱ ማካፈል የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አላምንበትም። ዘ ላስት ኦፍ አስ ላይ የተጨመረው ሌፍት ቢሃይንድ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ኤሊ ከምትባለው የጌሙ ልጅ ጋር ግን የበለጠ ያቀራርባል። አውተር ዋይልድስ ደግሞ ለየት ያለ ጉዳይ ነው። እዚያ ጌም ውስጥ መሣሪያ አይጠናከርም፣ ሌቭል አይወጣም። የሚያድገው የእናንተ እውቀት ብቻ ነው። ምስጢሩን አንዴ ካወቃችሁት አለቀ፣ መልሳችሁ «አላውቀውም» ማለት አትችሉም። ያን ጌም የወደደ ሁሉ ረስቼው እንደ አዲስ ብጫወተው ብሎ ይመኛል። በ2021 የመጣው ኤኮስ ኦፍ ዘ አይ ያንን ምኞት የሚያሟላ ብቸኛው መንገድ ነው። በምታውቁት የፀሐይ ሥርዓት ውስጥ ተደብቆ የኖረ አንድ ቦታ ይከፈታል፣ እናንተም ዳግም ምንም የማታውቁ ትሆናላችሁ። ጨለማ ይበዛዋል፣ ያስፈራል። ፍርሃቱን የሚቀንስ ማስተካከያ ሴቲንጉ ውስጥ አለ፤ እኔ ሳላፍር አብርቼዋለሁ።

ሲዝን ፓስ የሚባለውን ግን ጠንቀቅ ነው። ገና ያልተሠሩ ዲኤልሲዎችን በጅምላ ቀድሞ መግዛት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተሸውጄያለሁ። ማስታወቂያው አጓጉቶኝ ጌሙን ከነፓሱ ገዛሁት። ዋናው በስድስተኛው ሰዓት ሰለቸኝ። ቃል ከተገቡት አራት ጭማሪዎች ሁለቱ የልብስ ቀለም ሆነው መጡ፣ የቀሩትን ከፍቼም አላየኋቸው። ዋናውን ሳትጨርሱ ጭማሪ አትግዙ። ዋናው ካልጣማችሁ ጭማሪው አያድነውም።

«ዲኤልሲው ጌሙን አዳነው» ሲባል የምትሰሙትም ብዙ ጊዜ የተምታታ ነገር ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 በስህተት ተሞልቶ ወጣ፣ ከፕሌይስቴሽን ስቶር እስከ መነሳት ደረሰ። በ2023 ፋንተም ሊበርቲ መጣና «አሁን ጌም ሆነ» ተባለ። የፖሊሱን፣ የክህሎቱን፣ የውጊያውን ነገር የቀየረው ግን ከፋንተም ሊበርቲ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በነጻ የወጣው 2.0 አፕዴት ነው። የተከፈለበት ታሪኩ፣ አዲሱ ሰፈርና ተጨማሪው መጨረሻ ነው። ታሪኩ ደርሶ የሚያስከፋ አይደለም፤ ግን የትኛው በነጻ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ጥሩ ነው። ለፒኤስ4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ደግሞ ጭራሽ አልወጣም። ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት ለእናንተ ኮንሶል መኖሩን እዩ። ዋናውን ከአንድ ስቶር ገዝታችሁ ዲኤልሲውን ከሌላ ብትገዙም አብዛኛውን ጊዜ አይገናኙም።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። የኤልደን ሪንግ ጭማሪ ሻዶ ኦፍ ዘ ኤርድትሪ በሰኔ 2024 ወጣ፣ ዋናው ከወጣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ። ለመግባት ራዳንና ሞግ የሚባሉ ሁለት ቦሶች መሞት አለባቸው። እኔ ረጅም ጊዜ ቆይቼ ስመለስ እጄ ሁሉንም ረስቶታል። ካራክተሬ ከ150 ሌቭል በላይ ነው፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ተራ ወታደር ሁለት ጊዜ ሞትኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እዚያ አገር የድሮ ሌቭል ብዙም አያወጣም። በየጥጉ የተበተኑ የስካዱትሪ ስብርባሪዎችን ሰብስቦ በእነሱ መጠንከር ያስፈልጋል። እነሱን ትቶ ቦሱን በጉልበት ልጣልህ ያለ ሁሉ ተቀጠቀጠ። ጩኸቱ ስለበዛ ሠሪው ፍሮምሶፍትዌር በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ኃይል ከፍ አደረገው።

እኔ እንኳ እድለኛ ነኝ፣ ሴቭ ፋይሌ (የደረስኩበትን የሚይዘው ፋይል) ነበር። አንድ ጓደኛዬ «ይሄን ጌም ጨርሼዋለሁ» ብሎ ቦታ ለማስለቀቅ ከነሴቩ አጥፍቶታል። ዲኤልሲውን በወጣበት ዕለት ገዛ። ከዚያ ሱሪ በሌለው ካራክተር ከዜሮ ጀመረ። ባለፈው ስጠይቀው ራዳን ጋ ገና አልደረሰም።