ሶንያ ደሎኔ፦ ቀለም፣ የከተማ መብራትና ጥለት

ሶንያ ደሎኔ (1885–1979) በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፓሪስ ከተነሡት የዘመናዊ ሥዕል ፈር ቀዳጆች አንዷ ናት። ከባለቤቷ ከሮበርት ደሎኔ ጋር ሆና፣ የሰውን ወይም የዕቃን መልክ ከመቅዳት ይልቅ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲውሉ የሚፈጥሩትን እንቅስቃሴ የሥዕሏ ዋና ጉዳይ አደረገች፤ የዚህንም እንቅስቃሴ ምንጭ ያገኘችው በከተማ ሕይወት ውስጥ፣ ማለትም በመንገድ መብራት፣ በጭፈራ አዳራሽና በገበያ ግርግር ነው። ሥዕልን ከጨርቅ፣ ከልብስና ከመጽሐፍ ሳትነጥል ከስልሳ ዓመት በላይ ሠርታለች። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ የተዘጋጀው ደሴ ላይ ሲሆን፣ ቀለም በቃል ብቻ ተነግሮ የሚገባ ነገር ባለመሆኑ፣ ማስረጃ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ወጣ ብሎ በዓይኑ ሊያየው የሚችለውን ነገር በምሳሌነት ያነሣል።

የተወለደችው ኖቬምበር 14 ቀን 1885፣ ያኔ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው ዩክሬን፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያ ስሟ ሳራ ሽተርን ነበር። ገና ሕፃን ሳለች በሴንት ፒተርስበርግ የሚኖረው ባለጸጋ አጎቷ ሄንሪ ተርክ ወስዶ አሳደጋት፤ በዚያም ቋንቋ ተማረች፣ ሙዚየም ጎበኘች፣ በአውሮፓ ከተሞች ተዘዋወረች። ይሁንና በስተርጅና ስለ ቀለሟ ምንጭ በተናገረች ቁጥር የምታነሣው የአጎቷን ቤት አልነበረም፤ በልጅነቷ ያየችውን የዩክሬን ገበሬዎች ሰርግ፣ የሴቶቹንም ቀይና አረንጓዴ ቀሚስ ነበር። በ18 ዓመቷ ሥዕል ልትማር ወደ ጀርመን ካርልስሩኸ ሄደች፤ ከዚያም ፓሪስ ገብታ በዚያው ቀረች። በ1908 ጀርመናዊውን የሥዕል ነጋዴ ቪልሄልም ኡደን አገባች፤ በዚያው ዓመትም የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይዋን በእርሱ ጋለሪ አቀረበች። በ1910 ከኡደ ጋር በስምምነት ተፋትታ ሮበርት ደሎኔን አገባች።

በጃንዋሪ 1911 ልጃቸው ሻርል ተወለደ። ሶንያ የአገሯ ገበሬ ሴቶች ሲሠሩት እንዳየችው የጨርቅ ቁርጥራጭ ገጣጥማ ለሕፃኑ የአልጋ ልብስ ሰፋችለት። ክሬም፣ ጥቁር ቡናማ፣ አረንጓዴና ጽጌረዳማ ቁርጥራጮች ማዕዘን ለማዕዘን ተገናኝተው ሲያልቁ፣ ቤት የመጡ ወዳጆቻቸው ይህማ የኩቢስቶች (የነገሮችን መልክ ወደ ማዕዘናዊ ቅርጽ ሰባብረው የሚሥሉት ሠዓሊዎች) ሥዕል ነው አሉ። ይህ የአልጋ ልብስ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል። እኛ ዘንድ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠጋግኖ ሲሰፋ ድሪቶ ይባላል፤ ቃሉም ከችግር ጋር ስለተቆራኘ ማንም ሰው ድሪቶን ሙዚየም ውስጥ አያስበውም። ነገር ግን የአንድ ትልቅ የሥዕል መንገድ በር የተከፈተው በዚያ ድሪቶ ነው፤ ሶንያ የሰፋችው ሕፃኑን ለማሞቅ ሆኖ ሳለ፣ ቅርጾቹን ያለ አንዳች የሰው መልክ ወይም ታሪክ በቀለማቸው ብቻ እንዲቆሙ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷታል።

ሁለቱ ባልና ሚስት የተከተሉት የቀለም ሕግ ደግሞ የወጣው ከክር ማቅለሚያ ቤት ነው። ሚሼል ኤዠን ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ከ1824 ጀምሮ በፓሪስ በሚገኘው ጎብላን በተባለው የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር በሰማያዊና በሐምራዊ መካከል ሲገባ ጥቁረቱ ይደክማል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሸቭረል ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር እያስተያየ ቢመረምረው በራሱ ምንም እንከን አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደከመው ጎረቤቱ ነበር። ዓይናችን አንድን ቀለም ለብቻው ነጥሎ አያይም፤ አጠገቡ ካለው ጋር አብሮ ያየዋል፣ ልዩነታቸውንም ያጎላዋል። ሸቭረል ይህን በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ በሕግ መልክ አስቀመጠው። ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ሲቀመጥ ሁለቱም ይነድዳሉ፤ ቀይ ከብርቱካናማ ጎን ሲሆን ግን ይቀዘቅዛል። ግራጫ በቀይ ሲከበብ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ይመስላል።

ይህን ለማየት ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም። በደሴ ሰኞ ገበያ ለቀሚስ የሚሆን የጥለት ክር የምትመርጥ ሴት ጥቅልሉን ለብቻው አይታ አትወስንም፤ ክሩን ከነጩ ሸማ ላይ አጋድማ ከሱቁ ጨለማ ወደ ደጅ ታወጣዋለች፣ ከዚያ ሌላ ክር ጨምራ ጎን ለጎን ታስተያያለች፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ያማራት ቀለም ከሁለተኛው ጋር ሲገናኝ ደብዝዞባት ትተወዋለች። ነጋዴውም ቢሆን ቀለሙ ተለወጠ ብሎ አይከራከርም፤ ሌላ ጥቅልል ያቀብላታል እንጂ። ሸቭረል በመጽሐፍ ያሰፈረው፣ ሶንያም በሸራ ላይ ያዋለችው ነገር ይኸው ነው። ሁለቱ ደሎኔዎች አሠራራቸውን «ሲሙልታኔ» ብለውታል፤ በአንድ ጊዜ አብሮ የሚታይ ማለት ነው። ባለቅኔው ጊዮም አፖሊኔር በ1912 ኦርፊዝም የሚል ስም አውጥቶለት ነበር፤ በሥዕል ታሪክ ውስጥ ይህኛው ስም ቢበረታም፣ የመጀመሪያው ቃል አሠራሩን በቅርበት ስለሚገልጸው የተሻለ ነው እላለሁ።

የከተማ ሕይወት በሥዕሏ ውስጥ በግልጽ የገባው በ1913 እና በ1914 ነው። በፓሪስ ባል ቡልዬ የሚባል የጭፈራ አዳራሽ ነበር፤ ሁለቱ ባልና ሚስት ከወዳጆቻቸው ጋር ይሄዱበት ነበር፣ ሶንያም ከተለያዩ ጨርቆች ገጣጥማ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ ትገኝበት ነበር። በዚያ ስም የምትጠራው ሥዕሏ ቁመቷ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ርዝመቷ ግን አራት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ የተሣለችውም በፍራሽ ጨርቅ ላይ ነው። ታንጎ የሚጨፍሩት ጥንዶች ፊት የላቸውም፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጎርፍ የቀለም ቅስት ሆነዋል። ሥዕሏን የሚያይ ሰው እየተራመደ ካላያት በአንድ ቦታ ቆሞ አይቶ አይጨርሳትም፤ ርዝመቷም የተመረጠው በከንቱ አይመስለኝም።

በ1914 የሠራችው «የኤሌክትሪክ ፕሪዝሞች» የተባለው ሥዕል ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ተኩል ነው። ያን ጊዜ በፓሪስ ጎዳናዎች የጋዝ መብራት ለኤሌክትሪክ ቦታውን እየለቀቀ ነበር፤ ሶንያም በቡልቫር ሳን ሚሼል ማታ ማታ ስትመላለስ በአዲሶቹ መብራቶች ዙሪያ የሚታየው ክብ ብርሃን ማረካት። በሥዕሉ ላይ ሁለት ታላላቅ ክቦች ተቀራርበው ይደራረባሉ፤ እያንዳንዱ ክብ ቀለበት በቀለበት ሆኖ በአራት ተከፍሏል፣ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ከሰማያዊ እየተጋጠመ ይዞራል። ከታች ሁለት ሰዎች መኖራቸው በጭንቅ ይለያል። በክረምት ማታ ጉም ከጦሳ ወርዶ የደሴን ፒያሳ ሲሸፍን የቆመ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በእያንዳንዱ አምፖል ዙሪያ መሐሉ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለበት ይታያል፤ የባጃጅ መብራት ሲቃረብ ቀለበቶቹ ይገናኛሉ፣ በረጠበው አስፋልት ላይም ተገልብጠው ይረዝማሉ፤ ሰው የሚታወቀው በጥላው ብቻ ነው። ሶንያ ያደረገችው ጉሙን ትታ ቀለበቱን ብቻ መውሰድ ነው።

በ1913 ከባለቅኔው ብሌዝ ሳንድራር ጋር የሠራችው መጽሐፍም ሊጠቀስ ይገባል። ግጥሙ በባቡር ሩሲያን ስለማቋረጥ የሚተርክ ሲሆን፣ ታጥፎ የሚቀመጠው ወረቀት ሲዘረጋ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ በአንድ ወገን ግጥሙ፣ በሌላው ወገን የሶንያ ቀለም ከላይ እስከ ታች አብረው ይወርዳሉ። የታቀደው 150 ቅጂ ነበር፤ ሁሉም ተዘርግተው ቢቀጣጠሉ ቁመታቸው የኤፍል ማማን ያክላል ተብሎ። ያን ያህል ቅጂ ግን ሳይታተም ቀርቷል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ባልና ሚስቱ ስፔን ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ፖርቱጋል ተሻግረው በሰሜን በኩል በቪላ ዶ ኮንዴ ተቀመጡ። በ1915 የሠራችው የሚንዮ (የሰሜን ፖርቱጋል አውራጃ) ገበያ ሥዕል የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ሐብሐብ፣ እንስራ፣ በሬና ነጋዴ ሴት በክቦች መካከል ይታያሉ፤ የፓሪስ መብራት የሰጣት ክብ እዚህ የፍራፍሬና የእንስራ ሆድ ሆኗል። የብርሃኑም ለውጥ በቀለሟ ላይ ይነበባል፤ ቢጫውና ቀዩ ደምቀዋል። ከደሴ ብርድ ተነሥቶ በዶሮ መዝለያ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ያንኑ የሻሽ ቀለም በሌላ ፀሐይ ሲያየው የሚሰማው ልዩነት ይህን ይመስላል።

በ1917 የሩሲያ አብዮት ሲነሣ ከሴንት ፒተርስበርግ ቤቶቿ ይመጣላት የነበረው ኪራይ ተቋረጠ። ቤተሰቡን የማስተዳደሩ ሸክም በአመዛኙ በእርሷ ላይ ወደቀ፤ እርሷም በእጇ የኖረውን ጨርቅ መተዳደሪያዋ አደረገችው። በ1918 ለሰርጌይ ዲያጊሌቭ የባሌት (የመድረክ ውዝዋዜ) ቡድን አልባሳት ነደፈች፤ በማድሪድም የልብስና የቤት ማስጌጫ ሱቅ ከፈተች። በ1921 ፓሪስ ተመለሱ። በ1923 አንድ የሊዮን ጨርቅ አምራች 50 ንድፍ አዘዛት፤ በ1925 በፓሪስ በተካሄደው ታላቁ የጌጥ ጥበባት ዐውደ ርእይ ላይ ከልብስ ሠሪው ዣክ ሃይም ጋር ሆና በአሌክሳንደር ሦስተኛ ድልድይ ላይ ሱቅ ዘረጋች። በ1927 ሥዕል በልብስ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ በፓሪሱ የሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረገች። የኮምቦልቻ ሰው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጋር የኖረ በመሆኑ የዚህን ሥራ ጭንቅ ያውቀዋል፤ በሕትመት ጊዜ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ይወርዳልና ቀለም በተጨመረ ቁጥር ድካሙና ወጪው ይጨምራል። ስለዚህ የሶንያ የጨርቅ ንድፎች ብዙዎቹ በሦስት ወይም በአራት ቀለም ብቻ የቆሙ ናቸው፤ የሚበዙ የሚመስለው ጎረቤታሞቹ ቀለሞች እርስ በርስ ስለሚለዋወጡ ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚያን ዓመታት ሶንያ ለእንጀራ ስትል ሥዕልን ያስቀመጠችባቸው አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ይህ አስተያየት ልክ አይደለም፤ በአማርኛ የሚያስብ ሰውም ስሕተቱን ከሌላው ቀድሞ ሊያየው ይገባል። በቋንቋችን ጥበብ የሚለው ቃል ዕውቀትንም፣ ኪነትንም፣ ሸማኔው በሸማው ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚያወጣውንም ጌጥ ይጠራል፤ ጥበብ ቀሚስ ስንል ቃሉን አላዋስንም፣ አላሳነስንምም። ሸማኔው በድሩ መካከል መወርወሪያውን ሲያመላልስ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጎን ቢውል እንደሚበራ በልቡ አስልቶ ነው። ሶንያ ሕይወቷን ሙሉ የተከራከረችለት ነገር ይኸው ነበር፤ ለእርሷ የሸራውና የቀሚሱ ሥራ አንድ ሥራ ነው። የእኛ ቃል አንድ አድርጎ የያዘውን የፓሪስ ሊቃውንት ታላቅና ታናሽ ብለው ከፍለውት ስለነበር፣ የድካሟ ዋጋ ዘግይቶ ተከፈላት።

የኢኮኖሚው ድቀት ሲመጣ የልብስ ንግዱን ዘግታ ወደ ሸራ ተመለሰች። በ1937 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ከሮበርት ጋር ለአየርና ለባቡር አዳራሾች ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሎችን ሠሩ፤ የአውሮፕላን ሞተር፣ ዘዋሪ ክንፍና የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ያሳየችባቸው ሦስቱ ዛሬ በስዊድን ሉንድ ከተማ ይገኛሉ። በ1941 ሮበርት በሞንፔልዬ በካንሰር ሞተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የራሷን ሥራ ወደ ኋላ አድርጋ የባሏን ስም ለማስከበር ደከመች፤ ይህ የሚያስከብራት ቢሆንም እርሷን ራሷን ብዙ አስከፍሏታል። በ1964 ከልጇ ጋር ሆና ከመቶ በላይ የራሷንና የሮበርትን ሥራዎች ለፈረንሳይ ብሔራዊ ሙዚየም ሰጠች፤ ስጦታውም በታላቁ የፓሪስ ሙዚየም በሉቭር ሲታይ በሕይወት ሳለች በዚያ ዐውደ ርእይ የቀረበላት የመጀመሪያዋ ሴት ሠዓሊ ሆነች። ያኔ ዕድሜዋ ወደ 79 ተጠግቶ ነበር።

ዲሴምበር 5 ቀን 1979 በ94 ዓመቷ ፓሪስ ውስጥ አረፈች፤ የተቀበረችውም በጋምቤ መንደር፣ በሮበርት አጠገብ ነው። ከደሴ ሆኖ ሥራዋን ማየት የሚቻለው በአብዛኛው በስልክ ማያ ነው፤ ማያው ደግሞ ቀለሙን ከራሱ ብርሃን ጋር ስለሚቀላቅለው የአራት ሜትሩን ጭፈራ በጣት ስፋት ያሳንሰዋል። ሥዕሉን ከማየት አስቀድሞ ከሰኞ ገበያ ቀይ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ክር ገዝቶ፣ ቀዩን ቆርጦ ግማሹን ከአረንጓዴው፣ ግማሹን ከብርቱካናማው ጋር በነጭ ጨርቅ ላይ አጋድሞ በቀን ብርሃን ማየት ይረዳል። አንዱ ቀይ ክር ሁለት ይሆናል።