ሴሚኮለን (;) ምንድን ነው? ከኮለን (:) በምን ይለያል?

እኔ ባለሁበት ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮፒ ቤት ጎራ ካላችሁ አንዱ ሲቪ ያስጽፋል ሌላው ለስኮላርሺፕ ሞቲቬሽን ሌተር ፕሪንት ያደርጋል፣ ከነሱ ውስጥ የሰፈር ልጆች «ጋሼ እስቲ አንዴ እይልኝ» እያሉ ያመጡልኛል እና አብዛኛው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስፔሊንጉ ደህና ነው (እሱን ኮምፒውተሩ ራሱ ያርመዋል)፣ ሐሳቡም ጎበዝ ነው፣ ሴሚኮለንና ኮለን ላይ ሲደርስ ግን ይበላሻል። እስቲ በደንብ እንየው፣ ብዙ ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም።

ሴሚኮለን ዋና ሥራው ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን ያለ «እና» ያለ «ግን» ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ቁልፉ «ሙሉ» የሚለው ላይ ነው። አማርኛ ስንማር ማሰሪያ አንቀጽ የሚባል ነገር ነበር አይደል? «ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ሰው «እሺ፣ ጨርሶስ?» ይላችኋል፣ «ጨረሰ» ካላችሁ ግን አለቀ፣ ታሰረ። ሴሚኮለን ከግራም ከቀኝም የታሰረ ነገር ነው የሚፈልገው። «ዘ ታክሲ ዋዝ ፉል; አይ ዎክድ ሆም.» ትክክል ነው፣ ታክሲው ሞልቶ ነበር አለቀ፣ በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ አለቀ፣ ሁለቱም ለየብቻ ነጥብ ቢደረግባቸው ይቆማሉ። «ቢኮዝ ዘ ታክሲ ዋዝ ፉል; አይ ዎክድ ሆም.» ግን ስህተት ነው ምክንያቱም የግራው «ታክሲው ስለሞላ» ብሎ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ እዚህ ጋ ኮማ ነው የሚገባው። «ኦልዞው»ም (ምንም እንኳ)፣ «ዌን»ም፣ «ኢፍ»ም እንደዛው ናቸው፣ የጀመሩትን አያስሩም።

ለምን እንደምንሳሳት ሳስበው የኛ ድርብ ሰረዝ (፤) ይመስለኛል መነሻው። መልኩም ይቀራረባል፣ ብዙ ኪቦርድ ላይም ቁልፉ አንድ ነው፣ ግን በአማርኛ እሷን የምንጠቀማት ትንሽ ለቀቅ አድርገን ነው፣ «ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ፤ ቃሊቲን አልፎ፤ ሳሪስ ደረሰ» ብትሉ ማንም ቅር አይለውም፣ «ተነስቶ»ም «አልፎ»ም ሳይታሰሩ ድርብ ሰረዝ ተደርጎባቸዋል። የኛዋ ትንፋሽ ትከተላለች ማለት ነው። የእንግሊዝኛዋም ድሮ እንደዛ ነበረች፣ በፈረንጆቹ 1490ዎቹ ቬኒስ ውስጥ አልደስ ማኑቲየስ የሚባል አሳታሚ ማተሚያ ቤት ነው የወጣችው፣ ያኔ ሥርዓተ ነጥብ በአብዛኛው አንባቢው የት ቆም እንደሚል ማሳያ ነበር፣ በሰዋስው ሕግ መታሰሩ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ዛሬ ግን ታስሯል፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ስትወስዱት ሴሚኮለኖቹን ይዛችሁ አትሂዱ።

ሌላው ደጋግሜ የማየው «ሀውኤቨር» እና «ዘርፎር» ላይ ነው። «አይ ስተዲድ አካውንቲንግ, ሀውኤቨር አይ ዎርክ ኢን ሴልስ.» ተብሎ ይጻፋል፣ ስንናገረው ችግር የለውም፣ ሲጻፍ ግን ኮማዋ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር የመሸከም አቅም የላትም። «በት»፣ «ኤንድ»፣ «ሶ» አገናኝ ስለሆኑ ከኮማ ጋር ይበቃሉ፣ «ሀውኤቨር» ግን አገናኝ አይደለም። ስለዚህ «አይ ስተዲድ አካውንቲንግ; ሀውኤቨር, አይ ዎርክ ኢን ሴልስ.» ነው የሚሆነው፣ ከፊቱ ሴሚኮለን ከኋላው ኮማ። ከሴሚኮለን በኋላ ደግሞ በትልቁ ፊደል አይጀመርም፣ የተጸውኦ ስም ወይም እንደዚህ «እኔ» የሚለው «አይ» ካልመጣ በስተቀር።

አንድ ለየት ያለ ቦታ አላት። ዝርዝራችሁ ውስጥ ራሱ ኮማ ካለ መለያዋ ሴሚኮለን ትሆናለች፣ «ሰበታ, ኦሮሚያ; ሀዋሳ, ሲዳማ; ኤንድ ጎንደር, አማራ» ሲባል ሦስት ቦታ መሆኑ ይታያል፣ ሁሉንም በኮማ ብትሞሉት አገሩን የማያውቅ ሰው ስድስት ቦታ የሠራችሁ ይመስለዋል።

ወደ ኮለን ስንመጣ ጥያቄው ግማሽ ይሆናል፣ ከግራ ያለው ብቻ ነው ሙሉ መሆን ያለበት፣ ከቀኝ ያለው አንድ ቃልም ዝርዝርም ሙሉ ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ችግር የለውም። እኔ ለልጆቹ የምላቸው ቦታው ላይ «ይኸውም» ብላችሁ ሞክሩት ነው። «አይ ሃቭ ዋን ጎል: ቱ ፊኒሽ ማይ ዲግሪ.» አንድ ግብ አለኝ፣ ይኸውም ዲግሪዬን መጨረስ፣ በቃ ገባ። ያ የታክሲው ዓረፍተ ነገር ላይ «ይኸውም» ብትሉ ግን አይሄድም፣ በእግር መሄዴ የታክሲው መሙላት ማብራሪያ አይደለም፣ ውጤቱ ነው።

ሲቪ ላይ በጣም የበዛው ስህተት ግን ይሄ ነው፦ «ማይ ስኪልስ አር: ኤክሴል, ፒችትሪ, ኤንድ ታይፒንግ.» እዚህ ጋ «አር» ላይ ስትደርሱ ገና ምንም አልተባለም፣ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ተቆረጠ። ወይ ኮለኗን አውጧት ወይ «አይ ሃቭ ስሪ ስኪልስ:» ብላችሁ ግራውን ሙሉ አድርጉት። «ሰች አዝ» እና «ኢንክሉዲንግ» ካላችሁ በኋላም ኮለን አይገባም። በአማርኛ «ችሎታዎቼ፦» ብሎ መደርደር ስለሚቻል ነው እጃችን የለመደው። ርዕስ ከሆነ ለምሳሌ ሲቪው ላይ ለብቻው «ስኪልስ:» ብሎ ከሥሩ መዘርዘር ምንም ነውር የለውም፣ እሱ ዓረፍተ ነገር አይደለማ።

ከኮለን በኋላ ትልቅ ፊደል ይሁን ትንሽ የሚለው ላይ እንግሊዞቹ ብዙውን ጊዜ በትንሹ ይቀጥላሉ፣ አሜሪካኖቹ ጋ እንደየ ስታይሉ ይለያያል፣ አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው በሱ ሂዱ።

ስለ አጻጻፉም ልበል፣ ሁለቱም ከፊታቸው ካለው ቃል ጋር ይጣበቃሉ፣ ክፍተቱ ከኋላ ነው። ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይኖረን አራት ነጥብን በሁለት ኮለን (::) መተየብ ስለለመድን እንግሊዝኛው ፋይል ውስጥም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ :: አያለሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ሰርች አድርጋችሁ አጥፉት፣ አይታወቃችሁም እንጂ የሚያነበው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

እና ከተጠራጠራችሁ ነጥብ አድርጉ። ሴሚኮለን ግዴታ የሚሆንበት ቦታ ከዛ ከኮማው ዝርዝር ውጪ የለም ማለት ይቻላል፣ ገጹን በሴሚኮለን የሞላ ደብዳቤ ጎበዝ አያስመስልም፣ ያደክማል። ደብዳቤው ሲጀመርስ? «ዲር ሰር» ካላችሁ በኋላ በአሜሪካ መደበኛ ደብዳቤ ኮለን ነው፣ በእንግሊዝ ኮማ ነው፣ ኢሜይል ላይ ኮማ ይበቃል፣ ሴሚኮለን ግን በየትኛውም አይገባም።