ማይክሮኒውተን ምንድን ነው? ሮቦት ሕዋስን ሲወጋ የሚለካው ኃይል

አንዲት የጤፍ ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ክብደቷ አይሰማችሁም። ግን መዳፋችሁን ትጫናለች፤ ኃይሉም 3 ማይክሮኒውተን አካባቢ ነው። ማይክሮኒውተን ማለት የኃይል መለኪያ የሆነው የአንድ ኒውተን አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሕያው ሕዋስ በመርፌ የሚወጋ ሮቦት መለየት ያለበት ይህን የመሰለ ኢምንት ኃይል ነው።

ሕዋስ መውጋት ለምን ያስፈልጋል? ኢክሲ የሚባለውን የመካንነት ሕክምና እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከብራስልስ ነው የተሰማው። አንድ የወንድ ዘር ሕዋስ በቀጭን የመስታወት መርፌ ተወስዶ በቀጥታ የሴቷ እንቁላል ውስጥ ይገባል። እንቁላሏ ስፋቷ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ እያየ መርፌውን ያንቀሳቅሳል። ሽፋኑ ጎድጎድ ሲል ያያል፣ እጁ ላይ ግን ምንም አይሰማውም። ሁሉም ነገር በዓይን ግምት ነው።

ሮቦቱ ግን ኃይሉን እንዲያውቅ መርፌው ቀጭን ዘንግ ላይ ይታሰራል። መርፌው ሲገፋ ዘንጉ በጥቂቱ ይጎብጣል። የዘንጉ ጥንካሬ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ከጉብጠቱ ኃይሉ ይሰላል። ሌላም ዘዴ አለ፦ ሕዋሱን ለስላሳ የሲሊኮን ምሰሶዎች መሃል አስቀምጦ ምሰሶዎቹ ምን ያህል እንዳዘነበሉ በካሜራ ማየት።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መስመር ደስ ይላል። መርፌው ሽፋኑን ሲነካ መስመሩ ሽቅብ ይጀምራል። ሽፋኑ እየተለጠጠ ሲሄድ መስመሩም ይወጣል፣ ይወጣል። ከዚያ ድንገት ቁልቁል ዱብ! ተበሳ ማለት ነው። ሮቦቱ እዚያው ካልቆመ መርፌው በወዲያኛው በኩል ሊወጣ ይችላል።

ልኬቱ ግን ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ እኔን የሚገርመኝ እንዲያውም ሌላው ጥቅሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት የአይጥ እንቁላልን የውጭ ሽፋን በዚህ መንገድ ፈትሾ፣ ከፅንሰት በኋላ ግትርነቱ ከ17.9 ወደ 42.2 ኪሎፓስካል (የግትርነት መለኪያ) እንደሚያድግ አሳይቷል። ሽፋኑ ሌላ የወንድ ዘር እንዳይገባ ሲጠነክር በቁጥር ታየ ማለት ነው።

መሣሪያው ለሁሉም አንድ አይሆንም። ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ እንቁላል ከ1 ሚሊሜትር በላይ ነው፤ እሱን ለመብሳት በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮኒውተን ያስፈልጋል። ለአይጥ የተሠራው ስስ ዘንግ እዚያ ላይ ከአቅሙ በላይ ይጎብጣል።

ዋናው ራስ ምታት ግን ውሃ ነው። ሕዋሱ ያለው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ መርፌው ሲጠልቅ የፈሳሹ ገጽ ይይዘውና ይስበዋል። ውፍረቱ 10 ማይክሮሜትር የሆነን መርፌ ውሃ እስከ 2 ማይክሮኒውተን ድረስ ሊስበው ይችላል። ከሕዋሱ የሚመጣውን ኃይል ለመሸፈን በቂ ነው። ስለዚህ መለኪያው ዜሮ የሚደረገው መርፌው ፈሳሹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሕዋሱ ያለበት የፈሳሽ ጠብታ እየተነነ ከፍታው ሲቀንስ ዜሮውም ይንሸራተታል፤ ያኔ በየመሃሉ እንደ አዲስ ዜሮ ማድረግ ነው።