ኤርፖርት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ?

“ኤርፖርት ውስጥ ፎቶ ባነሳ ስልኬን ይቀሙኛል?” የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ስለመጣ አንዴ በደንብ ላስረዳ። መልሱ እንደየአገሩና እንደቆማችሁበት ቦታ ይለያያል።

በብዙ አገር መንገደኛ በሚጠብቅበት አዳራሽ ለማስታወሻ የሚነሳ ፎቶ ችግር የለውም። ጣጣው ፍተሻው ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፍተሻውን መቅረጽ እንኳ ይፈቀዳል፤ ሥራውን እስካላደናቀፋችሁና የማሽኑን ስክሪን እስካላነሳችሁ ድረስ። ሌላ አገር ያው ፎቶ ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። ፓስፖርት የሚታይበት መስኮት ጋ ስትደርሱ ግን የትም ብትሆኑ ስልካችሁን ኪስ ክተቱት።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እናታችሁን ስትሸኙ በር ላይ አቅፋችኋቸው ሰልፊ ተነሳችሁ። ይሄ ብዙም አያሳስብም። ከኋላችሁ ወታደራዊ አውሮፕላን ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ግሪክ ውስጥ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን አውሮፕላን ማየት የሚወዱ ሰዎች በስለላ ተጠርጥረው ታሰሩ። ተፈርዶባቸውም ነበር፤ ነፃ የወጡት በ2002 በይግባኝ ነው።

 

ጥበቃው “አታንሳ” ካለ ወዲያው አቁሙ። “ለምን?” ብሎ በትህትና መጠየቅ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።