ሲጠፋ ካልተያዘ አይገኝም፦ እየጠፋ ስለሚነሳ አሮጌ መኪና የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎተራ ማሳለጫው አካባቢ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራችው ኮሮላዬ በሦስተኛ ማርሽ እየሄደች ድንገት ፀጥ አለች። መንተባተብ የለ፣ መንገጫገጭ የለ። ልክ አንድ ሰው ቁልፉን እንዳጠፋው። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ገፍተን ዳር አስያዝናት። ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር አልነሳ አለች። ሃያ ደቂቃ ገደማ ቆይቼ ስሞክራት ግን በአንዴ ተነሳች። ጋራዥ ስንደርስ ምንም እንዳልነካት ሆነች።

በዚህ ሁኔታ አራት ወር አንገላታችኝ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው)፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የነዳጅ ፓምፕና ባትሪ ተቀየረላት። አንዱም መፍትሔ አልሆነም። ያላማከርኩት ሰው አልነበረም፤ ምክር የነፈገኝም የለም። ያኔ ከሰማኋቸው ብዙዎቹ ዛሬም በየጋራዡ ይነገራሉ። የሰው ገንዘብ በከንቱ ሲፈስ ማየት ስለሚያመኝ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«የባትሪው መብራት በርቷል፤ ዲናሞው ነው»

ቁልፉ ሳይጠፋ ሞተሩ ከቆመ የባትሪውም የዘይቱም መብራት ይበራል። መብራቱ የሚነግራችሁ ሞተሩ መቆሙን ብቻ ነው። ለምን እንደቆመ አይነግራችሁም።

ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ሲበላሽ ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው ባትሪው እስኪያልቅ ይሄዳል። የፊት መብራቱ ይደክማል፣ የዝናብ መጥረጊያው ይዘገያል፣ በመጨረሻ ሞተሩ ይቆማል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ብትጠብቁ ባትሪው ራሱን አይሞላም። ቆይቶ በኃይል የሚነሳ መኪና ላይ ዲናሞውን መጠርጠር ተገቢ አይመስለኝም። ለማረጋገጥ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይበቃል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው።

ይልቅ ሲጠፋ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት ከሌለ ያ ትልቅ ፍንጭ ነው። ኤሌክትሪኩ በሙሉ ተቋርጧል ማለት ነው። የባትሪውን ሁለት ጫፎች፣ ከኔጌቲቩ ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ፣ ከዚያም የቁልፍ ማዞሪያውን የኤሌክትሪክ ክፍል እዩ። ብዙ ቁልፍ ታንጠልጥሎበት ዓመታት የተሠራበት ማዞሪያ ውስጡ ይላላል። ቆማችሁ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ከጠፋ አገኛችሁት።

«ፓምፑ ነው፤ ቀይረው»

እኔን ከሁሉ በላይ ያከሰረኝ ይህ ነው። ፓምፕ ሲደክም መኪና እንደሚያጠፋ እውነት ነው። ግን ነዳጅ ያጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አሟሟቱ ያስታውቃል። መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ይንተባተባል፣ ቤንዚን ስትረግጡ ይተኛል፣ ከዚያ ይጠፋል። እሳት (የካንዴላ ብልጭታ) ያጣ ሞተር ግን በቅጽበት ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ቢሆንም ፓምፕ ከመግዛት በፊት ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

የሞተር ዙር መለኪያ ያለው ማኑዋል መኪና ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ሳለ የዙር መለኪያው ወዲያው ዜሮ ከገባ፣ ሞተሩ እየዞረ የዙሩ ምልክት ተቋርጧል ማለት ነው። ያኔ ጥርጣሬው እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር፣ እሳቱን ወደሚያመነጨው ኮይል ወይም የሞተሩን ዙር ወደሚያነበው ክራንክ ሴንሰር ይዞራል።

«ቁልፍ ስታዞር ፓምፑ ድምፅ አያሰማም፣ ስለዚህ ሞቷል» የሚልም አለ። በብዙዎቹ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ብቻ ነው። ቁልፍ ብቻ ስትከፍቱ ዝም ማለቱ ጤንነቱ ነው። ኮፈኑ ስር ያለችውን ጥቁር የምርመራ ሳጥን ከፍቶ ኤፍፒ እና ቢ ፕላስ የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት፣ ከዚያ ቁልፉን መክፈት ነው። ፓምፑ ደህና ከሆነ ይጮሃል። ግፊቱ ደግሞ በጌጅ ይለካል። በእነዚህ መኪኖች 3 ባር አካባቢ መሆን አለበት። ለእኔ ማንም አልለካውም። ዝም ብሎ ተቀየረ።

ሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ሁልጊዜ ባዶ አካባቢ አድርጎ መንዳት ግን ፓምፑን በእውነት ይጎዳዋል። ውስጡ ያለ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። የማደያው ሰልፍ ረጅም በሆነበት ሰሞን ይህን መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

«ቤንዚኑ ውሃ አለው»

ውሃ ያለበት ነዳጅ ከተቀዳ ችግሩ በዚያው ቀን ይታያል። ሞተሩ ይንተባተባል፣ ይንዘፈዘፋል። ከተለያዩ ማደያዎች እየቀዳችሁ ለወራት የሚደጋገም ችግር ግን በውሃ አይመካኝም። ከጠረጠራችሁ በንጹህ ብርጭቆ ጠርሙስ ትንሽ ቅዱና አስቀምጡት። ውሃው ከታች ይዘቅጣል፣ በዓይን ይታያል።

የሰርባቶዮ ክዳን ግን ይረሳል። አየር ማስገቢያው ከተደፈነ ነዳጁ ሲቀንስ ውስጡ ይታፈንና ቤንዚኑ መምጣት ያቆማል። ስትቆሙ ክዳኑን ክፈቱት። ፊሽ ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ ችግሩ ያለው ክዳኑ ላይ ነው።

«ኮምፒውተር ተደርጎ ምንም አልተገኘበትም»

ምንም አልተገኘም ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የሚያየውን ብቻ ነው። ሞቆ ለአፍታ የሚቋረጥ ሴንሰር ወይም ኮይል አንድም ኮድ ሳይተው ሊያልፍ ይችላል።

መኪናው በጣም አሮጌ ከሆነ ደግሞ ዛሬ በየጋራዡ ያለው ማሽን ከነጭራሹ ላይሰካበት ይችላል። ያ ማለት ኮድ የለውም ማለት አይደለም። በዚያችው የቶዮታ ሳጥን ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 ሲገናኙ የቼክ ኢንጂን መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ትቆጥራለች። 12 ወይም 13 ከወጣ የሞተሩ ዙር ምልክት ነው፤ 14 ከወጣ የማቀጣጠያው። ጋራዡ ይህን ካላወቀ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

«ሲቀዘቅዝ ከተነሳ፣ ሞተሩ እየሞቀ ነው»

እዚህ ላይ እውነቱና ስህተቱ ስለተቀላቀለ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሙቀት አለበት። ግን የሞተሩ ሙቀት ልኩን አልፏል ማለት አይደለም። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ቆሞ እንኳ ኮይል ወይም ሴንሰር ሊቋረጥ ይችላል። ውስጣቸው ያለው ቀጭን ሽቦ ወይም ብየዳ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሆንዳዎች የነዳጅ ሪሌ (ለፓምፑ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) በዚህ ይታወቃል። ፀሐይ ላይ ውለው አልነሳ የሚሉት ሪሌው ውስጥ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ነው።

የእኔም ችግር የተያዘው በዚህ ነው። አንድ አዛውንት መካኒክ «ጋራዥ አታምጣት፤ ስትጠፋ ያዛት» አሉኝ። ማስታወሻ እንድይዝ ነገሩኝ። ስትጠፋ ስንት ሰዓት ነው? ምን ያህል ነድቻለሁ? ሽቅብ ነው ወይስ ሜዳ? ስንት ደቂቃ ቆይታ ተነሳች? አሮጌ ካንዴላም መኪናው ውስጥ አስቀመጡልኝ።

ሁለት ሳምንት ስጽፍ መልኩ ወጣ። ጠዋት አንድም ቀን አልጠፋችም። ሁልጊዜ ከግማሽ ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ ቀትር ላይ ነው። በተለይ ለአጭር ጉዳይ አጥፍቻት ስመለስ። ሞተር ሲጠፋ አየርም ውሃም ስለማይዘዋወር ኮፈኑ ስር ያለው ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። በዚህ ሰዓት የደከመ ኮይል አይችለውም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትጠፋ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅዬ አሮጌውን ካንዴላ ሰካሁበትና ብረቱን ሞተሩ ላይ በመያዣ አሰርኩት። በእጅ አይያዝም፤ ቤንዚን ከሚያንጠባጥብበትም ይራቅ። ወንድሜ ቁልፉን አዞረ። እሳት የለም። ሃያ ደቂቃ ጠብቀን ደገምነው። ሰማያዊ እሳት ቷ ቷ አለ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮይል ነበር። ቀዝቅዞ በቴስተር ሲለካ ደህና ነው፤ ሞቆ ሲለካ ተቋርጧል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ለመግዛት ከሄዳችሁም ይህን አስታውሱ። ቀዝቃዛ ሆኖ የተለካ ዕቃ አልተፈተነም። የምትገዙት ኮይል የእናንተውን ያህል ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ሞቆ ይለካ።

«ሚኒሞውን ከፍ አድርግለት»

ሚኒሞ ማለት ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ የሚጠፋ መኪና ሌላ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የቤንዚን መርገጫው የሚከፍተው የአየር በር ጥቀርሻ ይዞታል፣ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተጣብቋል፣ ወይም አንድ የአየር ጎማ ተሰንጥቋል። ዙሩን በብሎን ከፍ ማድረግ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ቤንዚን ይበላል። መጀመሪያ ይጠረግ። በእነዚያ ኮሮላዎች የሞቀ ሞተር ዙር በደቂቃ ከ700 እስከ 800 አካባቢ ቢሆን ደህና ነው።

«አላርሙ ምን አገናኘው?»

በደንብ ያገናኘዋል። በኋላ የተገጠመ አላርም ብዙውን ጊዜ የቁልፉን ሽቦ ቆርጦ በሪሌ ያልፋል። ሽቦው በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይላላል። ከመሪው ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩት።

«ዓባይ በረሃን ሲወጣ የሚጠፋ መኪና ሞተሩ አልቋል»

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ላላቸው አሮጌ መኪኖች ይህ ፍርድ ግፍ ነው። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ታች ያለው ሙቀት የታወቀ ነው። ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ወደ ደጀን ሽቅብ ነው። ሞተሩ ይግላል፣ ከፍታው ሲጨምር ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ቤንዚኑ በቀላሉ ይፈላል። መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ሲሞላ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። የድሮ ሾፌሮች ፓምፑና የነዳጅ ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት በምክንያት ነው። ይህን ሳያጣሩ ሞተር አውርዶ ማደስ አያስፈልግም።

«ሲጠፋ ቶሎ ቁልፉን ንቀል»

እባካችሁ እንዳታደርጉት። እየሄደ ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ሞተሩ ሲቆም መሪው ይከብዳል እንጂ ይታዘዛል። ፍሬኑንም የሚያግዘው ከሞተሩ የሚመጣ የአየር ስበት (ቫኩም) ተጠራቅሞ ስለሚቆይ ለሁለት ሦስት ርግጫ ይበቃል። ደጋግማችሁ ከረገጣችሁት ግን ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ በሁለት እጅ ወደ ዳር ያዙት፣ ከዚያ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና አቁሙት።