ያላለቁ ሮቦቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በትርፍ ጊዜው ሮቦት የሚሠራ ሰው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ማግኘት ከባድ ነው። ጥቁር መስመር ተከትላ የምትሄድ መኪና አለች። በሰርቮ፣ ማለትም በታዘዘው ማዕዘን ላይ በሚቆም ሞተር፣ የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። አፈር ሲደርቅ ተክል የሚያጠጣ ፓምፕም አይጠፋም። ሁሉም ተጀምረዋል፤ አንዱም አላለቀም። ይህን ያየ ሁሉ ምክር ይሰጣል። ምክሮቹ ደግሞ በብዛት የተሳሳቱ ናቸው።

«አንዱን ሳትጨርስ ሌላ አትጀምር»

ለፈተና ጥናት ይሠራ ይሆናል። ሮቦት ላይ ግን የሥራው ፍጥነት ሁልጊዜ በእናንተ እጅ አይደለም። የሞተር ድራይቨር፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ከተቃጠለ አዲሱ እስኪገኝ መጠበቅ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው መርካቶን ዞሮ ካጣው፣ ተስፋው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። እስከዚያ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ይባላል? ሌላውን መግፋት ነው እንጂ።

ቁም ነገሩ ሥራዎቹ የሚቆሙበት ምክንያት መለያየቱ ላይ ነው። አንዱ ዕቃ ይጠብቅ። ሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ የሚጻፍ ኮድ ይሁን። ሦስተኛው መጋዝና ሞረድ የሚፈልግ የእጅ ሥራ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር አለ። ሦስቱም አንድ ባትሪና ሮቦቱን የሚያዝ አንድ ቦርድ የሚሻሙ ከሆነ ግን ያላችሁ አንድ ሥራና ሁለት ጭንቀት ነው።

ሥራን የሚገድለው ብዛት አይደለም፤ የት ላይ እንደቆመ መርሳት ነው። ከወር በኋላ ሲመለሱበት ቢጫው ሽቦ የት እንደነበር የሚያስታውስ የለም። የሠራው ኮድ የትኛው ነበር? ኮምፒውተሩ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ተቀምጠዋል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 2005 የሠራው፣ የኮድን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው ጊት የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ጣጣ ጥሩ መድኃኒት ነው። በነፃ ይገኛል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ለሽቦው ግን ጊት አይደርስለትም። ከወንበር ከመነሳት በፊት ሽቦውን በስልክ ፎቶ ማንሳትና ሦስት መስመር መጻፍ ያስፈልጋል። የሠራው ምንድን ነው? ያልሠራው ምንድን ነው? ቀጥሎ የሚሞከረውስ? ወረቀቱን ሮቦቱ ላይ መለጠፍ ነው። እኔ ከምሰጠው ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

«ዕቃ አነሰ? ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ነው»

ገንዘብ ይቆጥባል፤ አልክድም። ግን ሁሉም ዕቃ ከሁሉም ጋር አይስማማም። አርዱኢኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ኢኤስፒ32 የሚባለው ደግሞ በ3.3 ቮልት። ርቀት የሚለካው ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር መልሱን የሚልከው በ5 ቮልት ነው። ከኡኖ ነቅላችሁ በቀጥታ ኢኤስፒ32 ላይ ከሰካችሁት ቦርዱን ሊጎዳው ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። በሴንሰሩ የመልስ እግርና በቦርዱ እግር መካከል የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከቦርዱ እግር ወደ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ደግሞ የ2 ኪሎ ኦም። 5 ቮልቱ ወደ 3.3 ገደማ ይወርዳል።

ሌላም አለ። ዘንበል ማለትንና መዞርን የሚለካው ኤምፒዩ6050 እና ሰዓት የሚይዘው ዲኤስ3231፣ ብዙ ዕቃዎች በሁለት ሽቦ ከቦርዱ ጋር በሚነጋገሩበት አይ-ስኩዌርድ-ሲ መስመር ላይ አድራሻቸው አንድ ነው፤ በሄክሳዴሲማል 68። ለየብቻቸው በየሮቦታቸው ላይ በሰላም ሲሠሩ ኖረው አንድ ላይ ሲሰኩ ይረበሻሉ። ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። የተበላሸ ነገር የለም። የኤምፒዩ6050ን «ኤዲ0» የሚባል እግር ከ3.3 ቮልት ጋር ማገናኘት አድራሻውን ወደ 69 ይቀይረዋል።

የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ሴንሰር ይዛወር፣ ቦርድ አይነካ። ቦርዱ ከተነቀለ ሽቦው ሁሉ አብሮ ይነቀላል። ያ ሥራ ደግሞ ሞተ ማለት ነው፤ ማንም አዋጅ ባያወጣለትም።

«ሮቦቱ ካበደ ኮዱ ነው»

ይሄኛው የስንቱን ሌሊት በልቷል! ሮቦቱ በዩኤስቢ ገመድ ሲገናኝ ይሠራል። በባትሪ ሲሆን ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቦርዱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰውየው ኮዱን አሥር ጊዜ ይጽፋል። ችግሩ ግን ያለው ኃይሉ ላይ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ አራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪ ናት። ቁጥሯ ትልቅ ስለሆነ ጉልበት ያላት ትመስላለች። የጭስ ማስጠንቀቂያ ዓይነት ትንሽ ጅረት የሚፈልግ ዕቃ ለማንቀሳቀስ ጥሩ ናት። የምትይዘው ግን ከ500 ሚሊአምፒር ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ የውስጥ ሬዚስታንሷም ከፍተኛ ነው። ሞተር ሲነሳ ብዙ ጅረት ባንዴ ይጠይቃል። ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ቦርዱ ይጠፋና ይነሳል።

ሰርቮን በቀጥታ ከኡኖ እግር ኃይል ለማብላት የሚሞክርም አለ። የአንድ እግር የመጨረሻ ወሰን 40 ሚሊአምፒር ነው። ትንሿ ኤስጂ90 ሰርቮ እንኳ እንዳትዞር ስትያዝ ብዙ መቶ ሚሊአምፒር ትስባለች። ስለዚህ ለሞተሮች የራሳቸው ባትሪ ይኑራቸው፤ የሁለቱ ባትሪዎች ግራውንድ ግን ይገናኝ። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር የሚረሳ ብዙ ነው።

በየሱቁ የሚገኘው ኤል298ኤን ድራይቨርም የራሱን ይበላል፤ 2 ቮልት ገደማ ያስቀራል። 6 ቮልት ብትሰጡት ሞተሩ የሚያገኘው 4 አካባቢ ነው። ለትናንሽ ሞተሮች ቲቢ6612 የሚባለው ድራይቨር የተሻለ ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚወጡት 18650 የሚባሉት የሊቲየም ባትሪዎች ሲሠሩ ግሩም ናቸው። ግን 4.2 ቮልት ላይ ቻርጅ ማድረግ ማቆም አለበት። መከላከያ ሰርኪዩት ሳይኖራቸው፣ ሰው በሌለበት ቤት ቻርጅ ማድረግ ከእሳት ጋር መጫወት ነው።

«ሴንሰር ሲበዛ ሮቦቱ ይነቃል»

የአንጎል ተመራማሪው ግሬይ ዋልተር በፈረንጆቹ 1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማ ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ ሁለት ኤሊ መሰል ሮቦቶች ሠራ። አንጎላቸው ሁለት ቫኩዩም ቱቦ (የድሮ ሬዲዮ ውስጥ የነበረው ዓይነት) ነበር። አንድ ብርሃን የሚያይ፣ አንድ ግጭት የሚያውቅ ሴንሰር ነበራቸው። በዚያው ብርሃን ይከተላሉ፣ እንቅፋት ይዞራሉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ወደ መሙያቸው ይመለሳሉ። ሌላ ምን ይባላል።

«ሳያልቅ አይታይም»

ይሉኝታ ነው፤ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ያው ነው፣ ጭራሽ ሳይታይ ይቀራል። ያለቀ ሥራ ሲታይ የሚመጣው መልስ «ጎበዝ!» ነው። ደስ ይላል እንጂ አያስተምርም። ያላለቀ ሥራ ከአንድ ግልጽ ጥያቄ ጋር ሲቀርብ ግን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ያስባል። «አይሠራልኝም» ጥያቄ አይደለም። «በዩኤስቢ ይሠራል፣ በባትሪ ግን ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል» ግን ግማሽ መልስ ነው።

በየካቲት 1967፣ በፈረንጆቹ ማርች 1975፣ ካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ ውስጥ አንድ ጋራዥ ላይ የተጀመረው ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ የሚሠራው እንዲሁ ነበር። ስቲቭ ዎዝኒያክ በኋላ አፕል 1 የተባለውን ኮምፒውተር ንድፍ ለክለቡ አባላት በነፃ ያድል ነበር። አፕል ኩባንያ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

«ቪዲዮ ካሳየሁ አካፈልኩ»

ቪዲዮ ሮቦቱ እንደሚሄድ ያሳያል፤ እንዴት እንደሚሄድ አይናገርም። ሌላ ሰው እንዲደግመው የሽቦ ንድፉ፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የባትሪው ዓይነት እና የላይብረሪው (የምንጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ) የስሪት ቁጥር ያስፈልጋል። የላይብረሪ ቁጥር ትንሽ ነገር ይመስላል። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው፣ ኢኤስፒ32ን በአርዱኢኖ ኮድ ለማዘዝ የሚያገለግለው አርዱኢኖ ኮር 3.0 የሞተር ፍጥነት ለመቆጣጠር የምንጠቀምባቸውን ትእዛዞች ቀይሯል። የድሮው ኮድ እንዳለ ቢገለበጥ ስህተት ይላል። ቁጥሩ ካልተጻፈ ገልባጩ ራሱን ነው የሚጠረጥረው።

ይህ ሁሉ ለሰው ተብሎ የሚለፋ ድካም እንዳይመስላችሁ። ቅድም ሮቦቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት፣ ትንሽ ተስተካክላ። ከሦስት ወር በኋላ መጀመሪያ የምትጠቀሙባት እናንተው ናችሁ። ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያካፍሉትም እነሱ ናቸው። ያጋጣሚ አይመስለኝም።

«ከሰጠሁ ይሰርቁኛል»

አርዱኢኖ በፈረንጆቹ 2005 ጣሊያን ኢቭሬያ ውስጥ ሲጀመር የቦርዱን ንድፍ ለሁሉም ክፍት አደረገ። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው በርካሽ የተቀዳውን ነው። ሆኖም ሁሉም የሚጠራው አርዱኢኖ ብሎ ነው።

ስጋት ያለው ሰው ማድረግ ያለበት መደበቅ ሳይሆን ፈቃድ መጻፍ ነው። ፈቃድ የሌለው ኮድ በሕግ «ሁሉም መብት የተጠበቀ» ነው፤ የሚያየው ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ ስማችሁ እስከተጠበቀ ድረስ መጠቀም ይፈቅዳል። ጂፒኤል ደግሞ አሻሽሎ ያሰራጨው ሰው የራሱንም ክፍት እንዲያደርግ ያስገድዳል።

«አንዴ ካካፈልኩ ለሁሉም መልስ መስጠት አለብኝ»

የለባችሁም። ኤምአይቲ ራሱ ሥራው «እንዳለ» የቀረበና ዋስትና የሌለው መሆኑን ይናገራል። የተወ ሥራ ካለ ከላይ «ይህን አቁሜዋለሁ፣ የቆምኩት እዚህ ጋ ነው» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ፍላጎት ያለው ሰው ከዚያ ይቀጥላል፤ ሞተሮቹንና ቦርዱን ግን ፈታታችሁ ለሌላው ሥራ ማዋል ትችላላችሁ።